የእናቴን ጤና አዳም ልጠጣ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የ31 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ነው። የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ሁለተኛዋን ሴት ልጄን በሆስፒታል ከተገላገልሁ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔን ይዣለሁ። የወለድሁት በምጥ ሲሆን ጥቂት ስፌት አለኝ። በእርግዝናዬ ማብቂያ ላይ የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ስለነበር ኒፌዲፒን የተባለ መድኃኒት ታዝዞልኝ እየወሰድሁ ነው። እናቴ ልታርሰኝ ከወልድያ መጥታ አብራኝ አለች። ይዛው የመጣችው ከረጢት አብሽ፣ ተልባ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴና የወይባ እንጨት ሞልቶበታል። ሕፃኗን ሳጠባ ሆዴን እንደ ምጥ ስለሚጨመድደኝ ጤና አዳም በቡና ታጠጣኛለች፤ ስፌቱ ቶሎ እንዲደርቅም ወይባ ሙቂ ትለኛለች። ሕፃኗ ማታ ማታ ስታለቅስ የጤና አዳም ውኃ በማንኪያ ትሰጣታለች። ጎረቤታችን ደግሞ “ማሕፀን ያጸዳል” ብላ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጥቁር አረንጓዴ መድኃኒት አምጥታልኛለች። ባለቤቴ “ሁሉም ተጠራርጎ ይጣል” ይላል፤ እናቴ “አንቺንስ የወለድሁት በዚሁ አይደለም ወይ?” ብላ ታኮርፋለች። እኔ ከሁለቱም መጣላት አልፈለግሁም። የትኛውን ልውሰድ፣ የትኛውን ልተው? ከሁለት ቀን ወዲህ ደግሞ ራሴን እያመመኝ ስለሆነ እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታኛለች።

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ ልጅሽንም ታሳድግልሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የቀረው እንደ ዋዛ በጨመርሻት በመጨረሻዋ መስመር ላይ ነው። በእርግዝናዋ የደም ግፊት የነበረባት አራስ ራሷን ካመማት፣ ምች ነው አይደለም ተብሎ ከመከራከሩ በፊት ግፊቷ መለካት አለበት። ይህ ዓምድ ተጽፎ እስኪወጣ ቀናት ስለሚያልፉ በዚያው ምሽት ለብቻሽ ጽፌልሽ ነበር፤ አንቺም በነጋታው ሄደሽ ስትለኪ 150/100 ሆኖ እንደተገኘና የመድኃኒቱ መጠን እንደተስተካከለልሽ መልሰሽ ነግረሽኛል። እዚህ የምደግመው ለሌሎች አራሶች ስል ነው። ብዙ ሰው የእርግዝና ግፊት ልጁ ሲወለድ አብሮ የሚወጣ ይመስለዋል። ነገር ግን ግፊቱ ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት፣ በተለይም ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ መልሶ ሊያሻቅብ ይችላል፤ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለውና ሲብስ እስከ ማንቀጥቀጥ የሚያደርሰው ሕመም ደግሞ በእርግዝናዋ ጊዜ ምንም ግፊት ባልነበራት ሴት ላይ እንኳ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊከሠት ይችላል። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት ከታየ ሌሊትም ቢሆን አይታደርበትም። መለኪያው 160/110 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ ድንገተኛ ሕመም ነው።

ይህን ማለቴ ዳማከሴን ለማጥላላት አይደለም። ትኩሱ ቅጠል በሁለት መዳፍ መካከል ሲታሽ የሚወጣው ሽታ እኔንም እናቴ ወዳለችበት አራስ ቤት ይወስደኛል፤ እሷ ጭማቂውን ከቡናው ላይ ጠብ ታደርግና የቀረውን ግንባሬንና አንገቴን ትቀባኝ ነበር። ቅጠሉ ትኩሳትና ሕመም የማስታገስ ኃይል እንዳለው በአይጦች ላይ የተደረገ ምርመራ አሳይቷል፤ ስለዚህ እናቶቻችን ዝም ብለው አልገመቱም። ከቅጠሉ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ “ምች ነው” የምትለው ቃል ናት። በእኛ አገር ራስ ምታትም፣ ብርድ ብርድ ማለትም፣ ትኩሳትም፣ የከንፈር መቁሰልም አንድ ላይ ምች ይባላሉ። አራስ ስታተኩስ ግን ምክንያቱ የማሕፀን ኢንፌክሽን፣ የጡት መመረዝ፣ የሽንት ቧንቧ ሕመም ወይም የስፌቱ ማመርቀዝ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ሕክምና አላቸው። በአዋላጅነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሦስት ቀን ሙሉ ዳማከሴ ስትታሽ ቆይታ በአራተኛው ቀን በቃሬዛ የመጣች እናት ተቀብያለሁ። ቤተሰቧ ቸል አላላትም ነበር፤ ሲያሹና ሲያጥኗት ነው የሰነበቱት። ዳማከሴውም አልጎዳትም። የጎዳት ዳማከሴ ሲታሽ ያለፉት ሦስት ሌሊቶች ናቸው። ስለዚህ እናትሽ ቅጠሉን ቢያሸትቱሽ አልከለክልም፤ ነገር ግን በቤታችሁ ቴርሞሜትር ይኑር፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ የዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይኬድ።

አሁን ወደ ቁርጠቱ ልምጣ። ሕፃኗን ስታጠቢ ሆድሽ የሚጨመድድሽ ማሕፀንሽ ወደ ቦታው እየተመለሰ ስለሆነ ነው። ማሕፀን ልጁና እንግዴ ልጁ እንደወጡ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ግን መቶ ግራም እንኳ ወደማይሞላ ክብደት ይወርዳል። ይህን የሚያደርገው ራሱን እየጨመቀ ሲሆን፣ ልጅ ጡት ስትስብ ከአንጎል የሚመነጨው ኦክሲቶሲን የተባለው ንጥረ ነገር ወተቱን ወደ ጡት ጫፍ እንደሚገፋው ሁሉ ማሕፀኑንም ያኮማትረዋል። ከመጀመሪያው ልጅ ይልቅ በሁለተኛውና በሦስተኛው የሚበረታ በመሆኑ “በፊተኛው እንዲህ አልነበረም” ብለሽ አትደንግጪ። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ያይላል፣ በሳምንት ውስጥም ይቀንሳል። አንቺ ዘጠነኛ ቀንሽ ላይ ስለሆንሽ ቁርጠቱ ከዕለት ወደ ዕለት እየለዘበ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እየባሰ ከሄደ ወይም ከትኩሳትና መጥፎ ሽታ ካለው ፈሳሽ ጋር ከመጣ ግን ሐኪም ሊያይሽ ይገባል።

ለተራው ቁርጠት ከማጥባትሽ በፊት ሽንትሽን መሽናት፣ ሆድሽ ላይ ለብ ያለ ውኃ የያዘ ላስቲክ በፎጣ ጠቅልሎ ማድረግና ፓራሲታሞል መውሰድ ይበቃል። ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ መውሰድ ይቻላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከስምንት ፍሬ አይለፍ። ወደ ወተት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነውና ለሕፃኗ አያሰጋትም። አይቡፕሮፌን ለብዙ አራሶች ደኅና መድኃኒት ቢሆንም፣ አንቺ ግፊት ስላለብሽ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትጀምሪው።

የእናትሽን ከረጢት ስንከፍተው ከሁሉ አስቀድሞ የሚወጡት ምግቦች ናቸው፤ እነዚህንም ባለቤትሽ ለምን እንደሚጥላቸው አልገባኝም። የአጃ አጥሚት፣ የገብስ ገንፎ፣ ተልባና አብሽ ለአራስ የሚሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ስፌት ያለባት ሴት መጸዳጃ ቤት መሄድ ስለምትፈራ ትደርቃለች፣ ስትደርቅ ታምጣለች፣ ስታምጥም ስፌቱ ይጨነቃል፤ ተቆልቶ የተፈጨ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተልባ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ መጠጣት ለዚህ ተስማሚ መላ ነው። ውኃው ካነሰ ግን ተልባው ራሱ ያደርቃል። አብሽም ቢሆን በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ምሬቱ ተደፍቶ፣ በደንብ ተመትቶ በልክ ሲጠጣ ብዙ እናቶችን አይጎዳም። ወተት ይጨምራል የሚባለው በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ወተትን አጥብቆ የሚጨምረው በቀንና በሌሊት ከስምንት እስከ 12 ጊዜ ማጥባት ነው። አብሽ የደም ስኳርን ስለሚቀንስ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እናት፣ የደም ማቅጠኛ የምትወስድ እናት፣ እንዲሁም ሽምብራ ወይም ኦቾሎኒ የማይስማማት እናት ልትጠነቀቀው ይገባል። ሆድ ካላላሽ ወይም ሕፃኗን ካስቀመጣት ቀንሺው። የሕፃኗ ሽንት እንደ ተቃጠለ ስኳር ጣፋጭ ሽታ ካመጣ ደግሞ አብሹ መሆኑን ዕወቂና ለሐኪሟ ንገሪ፤ ከሌላ ሕመም ጋር እንዳያምታታው ነው። ጥቁር አዝሙድ በዳቦና በወጥ ውስጥ ቅመም ነው፤ በዘይት መልክ በማንኪያ ሲጠጣ ግን ግፊትንና ስኳርን የሚነካ መድኃኒት ይሆናል፤ ለአንቺ ቅመምነቱ ይበቃል። ቅቤውም ነጥሮ ይሁን እንጂ ጥሬውን አትብዪ።

በዚሁ አጋጣሚ ከሰዓት አጠባበቅ ጋር የተያያዘ ትንሽ ነገር ልንገርሽ። ተልባና አብሽ መድኃኒትን ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ሊያዘገዩት ስለሚችሉ፣ የግፊት እንክብልሽን ከእነሱ ሁለት ሰዓት ያህል አራርቀሽ ውሰጂ። የደም ማነስ ተብሎ አይረን የተሰጣትም እናት ቡናና ሻይ አይረኑን እንዳይመጠጥ ስለሚከለክሉት እንዲሁ ታራርቀው። አንድ ሰው “እንክብሉን ተይና ሺፈራው ጠጪ” እንደሚልሽም አልጠራጠርም። የሺፈራው ቅጠል ግፊት ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ምን ያህል ዝቅ እንደሚያደርግ ግን በሲኒ የሚለካ አይደለም፤ ከኒፌዲፒን ጋር ሲደመር ደግሞ ማዞርና መውደቅ ሊያመጣ ይችላል። በዚህ ሳምንት የግፊት እንክብል የሚተካ ቅጠል የለም።

ጤና አዳም ላይ እንቆይ፤ ምክንያቱም ከሁሉም የበለጠ የሚያሳስተው እሱ ነው። በየጓሮው ስለሚበቅልና ከቡና ስኒ ስለማይጠፋ ማንም መድኃኒት ነው ብሎ አይፈራውም። አንዲት ቅርንጫፍ ቡና ውስጥ ነክሮ ማውጣት ሽታ መስጠት ነው፤ በዚህ የተጎዳች እናት አላየሁም፣ እናትሽም ይህን ካደረጉ ቡናሽን ጠጪ። ፍሬውንና ቅጠሉን አፍልቶ ወይም ጨምቆ በብርጭቆ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ጤና አዳም ማሕፀንን የሚያኮማትር ኃይል ስላለው ነው በብዙ አገር ጽንስ ለማስወረድ ሲሞከርበት የኖረው፤ በብዛት ሲወሰድ ሆድ ዕቃን ያቆስላል፣ ጉበትንና ኩላሊትንም ይጎዳል። “ማሕፀኑ ይኮማተር ዘንድ ከሆነማ ጥሩ አይደለም ወይ?” ትይኝ ይሆናል። ሐኪሞችም የሚያስቡት እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ በመጠኑ ላይ ነው። ራይ በሚባለው እህል ላይ የሚበቅል አንድ ሻጋታ አለ፤ የአውሮፓ አዋላጆች ለብዙ ዘመን ምጥ ለማፋጠን ሲሰጡት እናትንም ልጅንም ይገድል ነበር። በ1935 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከዚሁ ሻጋታ ኤርጎሜትሪን ተነጥሎ ወጣና በሚሊ ግራም ክፍልፋይ ተለክቶ የወሊድ ደም ማቆሚያ ሆነ። ያም ሆኖ፣ እንደ አንቺ ግፊት ላለባት ሴት እስከ ዛሬ አይሰጥም፤ ግፊትን ያሻቅባልና። እንግዲህ በሚሊ ግራም የተለካው እንኳ ሰው የሚመርጥ ከሆነ፣ በእፍኝ የሚለካው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለእናትሽ አስረጃቸው።

ለሕፃኗ በማንኪያ የሚሰጠው የጤና አዳም ውኃ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። በዚህ ጉዳይ ላይ መካከለኛ ቦታ የለኝም። የዘጠኝ ቀን ሕፃን ጉበቷና ኩላሊቷ ገና አልጠነከሩም፤ ለአዋቂ ሰው ቁጥር የማይገባው ጠብታ ለሦስት ኪሎ ሰው ብዙ ነው። ውኃው ራሱ ንጹሕ ላይሆን ይችላል፣ ትንሿን ሆዷንም ከወተቱ ይሻማል። እስከ ስድስት ወር ከጡት ወተት በቀር ውኃም፣ ቅቤም፣ አብሽም፣ ማርም አያስፈልጋትም፤ ማር እንዲያውም እስከ አንድ ዓመት ድረስ ክልክል ነው፣ ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻ የሚያዝል መርዘኛ ሕመም ሊያመጣባት ስለሚችል። ማታ ማታ የምታለቅሰው ብዙ ሕፃናት በእነዚህ ሳምንታት ስለሚያለቅሱ ነው፤ ደረትሽ ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጊያት፣ ካጠባሽ በኋላ ትከሻሽ ላይ አንስተሽ አስገሺያት። አልጠባም ካለች፣ ሰውነቷ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ መዳፏና ውስጥ እግሯ ቢጫ ከሆነ፣ እትብቷ ዙሪያውን ከቀላ ወይም ካመረቀዘ ሳትዘገዪ ወደ ሐኪም ውሰጃት።

ስለ ጤና አዳም ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ በማግሥቱ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ጥቁር ጠባሳም ለወራት ይተዋል። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቆስል ነው። እኛ ደግሞ ልማዳችን ሕፃኑን ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ነው። ለሆድ ቁርጠት ብላ ሆዱን በጤና አዳም አሽታ ልብሱን ገልጣ በረንዳ ላይ ፀሐይ የምታሞቅ አያት፣ በፍቅር የሠራችውን በማግሥቱ እያለቀሰች ታየዋለች። ልጅሽን ፀሐይ ለማሞቅ ሰውነቷ ላይ ምንም አይቀባ።

ስለ ወይባው፣ እናትሽ የወልድያ ሰው ስለሆኑ ነገሩ ለእሳቸው ከመድኃኒትም በላይ መሆኑን እረዳለሁ። ወይባ ሞቃ፣ ቆዳዋ ቢጫ ሆኖ፣ ያን የጢስ ሽታ ይዛ ጋቢ ተከናንባ የምትወጣ አራስ በአካባቢያቸው የክብር ምልክት ናት። ይሁንና ልማዱ የተሠራው ጉድጓዱ መሬት ውስጥ ለሚቆፈርበትና አየሩ በሣሩና በጭቃው ግድግዳ መካከል ለሚመላለስበት ጎጆ ነው፤ በአራተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ዘግቶ በከሰል ማንደጃ ላይ ሲሞቅ ሌላ ነገር ይሆናል። አዲስ ስፌት ላይ የሚወጣ ፍም ሙቀት ቆዳን ያቃጥላል፣ ስፌቱንም ሊፈታው ይችላል፤ ጢሱም አያጸዳውም። ስፌቱን የሚያደርቀው ንጽሕናና አየር ነው፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከተጸዳዳሽም በኋላ፣ ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ ከፊት ወደ ኋላ ታጠቢ፣ በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ አድርገሽ አድርቂ፣ ሞዴስሽን በየአራት ሰዓቱ ያህል ቀይሪ። እናትሽ ሽታውን ከናፈቁ ስድስት ሳምንት ካለፈና ስፌቱ ከዳነ በኋላ፣ ሕፃኗ በሌለችበት፣ በተከፈተ ቦታ የሚያደርጉትን ያኔ ተነጋገሩበት።

ከሰሉን ግን ከወይባው ለይቼ ማንሳት እፈልጋለሁ። “ብርድ እንዳይገባት” ተብሎ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ፣ ቡናው ከተፈላ በኋላ የቀረው ፍም አልጋ ሥር እንዲቀመጥ ይደረጋል። ጭስ የለውም ተብሎ ነው ወደ መኝታ ቤት የሚገባው፤ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። አንድ ጠዋት እናትና ልጅን ከአንድ ክፍል አውጥተው ያመጡልንን ቤተሰብ አልረሳቸውም። ሁለቱም በኦክስጅን ተረፉ፤ አያቲቱ ግን “ያሞቅኋቸው መስሎኝ” እያሉ እጃቸውን ሲያሻሹ ነው የዋሉት። ራስ ምታትና ማስመለስ የዚህም ምልክት ስለሆነ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ አብሮ ራሱን ካመመው ምች ከማለት በፊት መስኮት ክፈቱና ውጡ።

ጎረቤትሽ ያመጣችልሽን በተመለከተ፣ በሃይላንዱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ጎረቤትሽም የምታውቅ አይመስለኝም። አለማወቃችን ራሱ መልስ ነው፤ ስሙ ያልተነገረ፣ መጠኑ ያልተለካ፣ መቼ እንደተዘጋጀ የማይታወቅ ነገር የምታጠባ ሴት አትጠጣም። “ማጽጃ” ተብለው በሚሸጡ ቅይጦች ውስጥ እንደ ኮሶ፣ ብሳናና እሬት ያሉ በኃይል የሚያስቀምጡ ዕፅዋት ሊኖሩ ይችላሉ። ኮሶ የትል መድኃኒት ሆኖ አገራችንን ዘመናት ቢያገለግልም፣ ከመጠን ሲያልፍ ዓይንን እስከማጥፋት የሚያደርስ መርዝነት አለው። አንዳንዱ ደግሞ እንዶድ ይጨምርበታል፤ ልብስ ስለሚያጠራ ማሕፀንም ያጠራል በሚል ይመስለኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዓድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎችን የሚገድል መሆኑን ያረጋገጠው። ለሸማና ለወንዝ የበጀ ነገር ለአራስ ሆድ አይሆንም።

ደግሞስ ማሕፀንሽ ምን ቆሽሾ ነው የሚጸዳው? ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀይ ይሆናል፣ ቀጥሎ ሮዝና ቡናማ፣ በመጨረሻም ነጣ ያለ ሆኖ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ይቆማል፤ ይህ ማሕፀን ራሱን የሚያጸዳበት መንገድ ነው፣ ማስቆምም ማፋጠንም አያስፈልገውም። በብልት የሚገባ ቅጠል፣ ጨርቅ ወይም ዱቄት ከሰጡሽ ደግሞ ፈጽሞ እንዳትቀበዪ፤ ገና ያልደረቀ ቁስል ውስጥ ጀርም ማስገባት ነው። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ የዕንቁላል ያህል የረጋ ደም ከወጣ፣ ፈሳሹ ከሸተተ፣ አንድ እግርሽ ባቱ ላይ አብጦ ከተቆጣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ አጥሚትም ዳማከሴም አትጠብቂ፤ ሂጂ።

የቀረው የባለቤትሽና የእናትሽ ነገር ነው። ባለቤትሽ ስለ ሃይላንዱና ስለ ሕፃኗ ማንኪያ ትክክል ነው፤ ስለ ከረጢቱ ግን በአንድ ጠረጋ ሁሉን ከጣለ፣ እናትሽ የሚሰጡሽን ነገር ከእናንተ ደብቀው መስጠት ይጀምራሉ፤ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። በእኔ ሥራ የሚያስቸግሩኝ ቅጠል የጠጡ እናቶች አይደሉም፤ ጠጥተው የማይናገሩ እናቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ መሠረት አራስ ከመጀመሪያው 24 ሰዓት ሌላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ከሰባተኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት መታየት አለባት። የሁለተኛው ሳምንት ክትትልሽ ደርሷል። ለግፊቱ ብለሽ አንድ ጊዜ ስለሄድሽ አትተይው፤ ስፌቱም፣ ማሕፀኑም፣ ጡቱም፣ ስሜትሽም በዚያ ቀን ይታያሉ። እናትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ከረጢቱንም ይዘው ይምጡ፤ አዋላጇ እያንዳንዱን እያነሣች “ይህ ለገንፎው፣ ይህ ለቡናው፣ ይህ ለኋላ” ብላ ብትነግራቸው ከእኔ ዓምድም ከባለቤትሽ ቁጣም ይልቅ ይሰሟታል። አራስ ልጃቸውን ለማረስ ያን ያህል መንገድ የመጡ እናት ሊጠየቁ እንጂ ሊከሰሱ አይገባም፤ ገንፎውን የሚያገነፉት፣ ሌሊት ልጅቷን ተቀብለው አንቺን የሚያስተኙት እሳቸው ናቸው፣ እንቅልፍን የሚተካ መድኃኒት ደግሞ በፋርማሲም አይሸጥም።

ሃይላንዱን ግን ዛሬውኑ ሽንት ቤት ድፊው፤ የሦስት ዓመት ልጅሽ አረንጓዴ ጭማቂ መስሎት ሊያነሣው ይችላል። ጎረቤትሽ “ጠጣሽው ወይ?” ብላ ስትጠይቅሽ “የግፊት መድኃኒት ስለምወስድ ከለከሉኝ” በያት፤ እውነት ስለሆነ ይሉኝታም አይዝሽም።